መጀመሪያ ለጎርፉ መውጫ ስጡት

ሰላም ወንድሜ። ጎርፉ የትንሿ የውሃ ኃይል ማመንጫችሁን ግድብ አንድ ጎን ቆርጦ እንደሄደ፣ ጄኔሬተሩም ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ እንደከረመ ነግረኸናል። ከግድቡ ይጀመር ወይስ ከማሽኑ፣ ማሽኑንስ አድርቀን ብናስነሳውስ ነው ጥያቄህ። እኔም ያለፍኩበት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ።

ማስነሳቱን ለጊዜው እርሳው። ማጠቡን ግን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ ጭቃ ከደረቀ በኋላ ከጥቅል ሽቦው መሃል ማውጣት መከራ ነው። ፈታታችሁ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ቀናት ወስዳችሁ ቀስ ባለ ሙቀት አድርቁት። ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል በዓይንና በእጅ አትፍረዱ፣ በሜገር ለኩ፤ የሽቦው ሽፋን ኤሌክትሪክ እንዳያፈስ ምን ያህል እንደሚከላከል የሚለካ መሣሪያ ነው። ለዝቅተኛ ቮልቴጅ ጄኔሬተር በ500 ቮልት ተለክቶ ቢያንስ 5 ሜጋ ኦም ካልሰጠ አታስነሱት። ማሞቅ ስትጀምሩ ንባቡ መጀመሪያ ይወርዳል፣ አትደንግጡ፤ እርጥበቱ ሲወጣ መልሶ ይጨምራል። በየዕለቱ መዝግቡት። ኩሽኔታውን ቀይሩ። ውሃ የገባባቸውን ብሬከሮችና የኤሌክትሮኒክስ ካርዶች ግን ደረቁ ብላችሁ አትመኑ፣ በአዲስ ይተኩ።

አሁን ወደ ዋናው። ያላችሁ ገንዘብ መጀመሪያ ወደ ጎርፍ ማስተንፈሻው፣ ማለትም ትርፍ ውሃ ግድቡን ሳይጎዳ ወደሚያልፍበት መውጫ ይሂድ። እኛ የተሳሳትነው እዚህ ጋ ነው። ሰው መብራት ቶሎ እንዲመለስለት ስለፈለገ የፈረሰውን ጎን እንደነበረው፣ ኮንክሪቱን ብቻ አጠንክረን ሠራነው። በቀጣዩ ክረምት ውሃው እንደገና በላዩ አለፈ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም፣ ውሃው ግን ከላይ ተወርውሮ እግሩ ሥር ያለውን አፈር ጠርጎ ወሰደና ጎኑን ዞሮ ወጣ፣ እኛም የደከምንበትን ቆመን አየነው። እስካሁን ያንገበግበኛል። ችግሩ የግድግዳው ጥንካሬ አልነበረም፤ ለጎርፉ የተውንለት መውጫ ጠባብ ነበር።

ስለዚህ ዝናብ ሳያጥበው ጎርፉ የደረሰበትን ምልክት ፈልጉ። ግንድ ላይ የተለጠፈ ጭቃ፣ ግድግዳ ላይ የቀረ መስመር፣ ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ገለባ ካለ ቀለም ቀቡበት። መሐንዲሱ ከዚያ ከፍታ፣ ከወንዙ ስፋትና ተዳፋት የውሃውን መጠን ገምቶ ማስተንፈሻውን ያሰፋል። ውሃው የሚወድቅበትን ቦታ በትልልቅ ድንጋይ ወይም በኮንክሪት ወለል ሸፍኑ። የተቆረጠውን ጎን ደግሞ ዐለት ወይም ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ቆፍሩት፤ ልል አፈር ላይ የተለጠፈ ግንብ ጎርፍ አይመክትም። የመቆጣጠሪያ ፓነሉም ከዚያ ምልክት በላይ ይውጣ።

ግድቡ አለቀ ብላችሁ ባንዴ አትሙሉት። ትንሽ ሙሉ፣ ቁሙ፣ ዙሩና እዩ። ከታች የሚፈልቅ ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ መከታተሉን ብቻ ቀጥሉ። ከደፈረሰ ግን አፈር ከውስጥ እየታጠበ ነውና ሳትውሉ ሳታድሩ የተጠራቀመውን ውሃ አውርዱት፣ ከግድቡ በታች ያለውንም ሰው አስጠንቅቁ። አሜሪካ ውስጥ በአይዳሆ የነበረው ቴቶን የአፈር ግድብ እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 ቀን 1976 የፈረሰው ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞላ ነው። ጠዋት ድፍርስ ውሃ ሲያፈስ ታየ፣ እኩለ ቀን ገደማ ተደረመሰ፣ 11 ሰው ሞተ። የእናንተ ትንሽ ቢሆንም አፈርና ውሃ ጠባያቸው ያው ነው።

ወደ ተርባይኑ የሚወርደውን ቱቦም እንዲሁ ቀስ ብላችሁ ሙሉት፣ አየር ማስወጫው በደለል አለመደፈኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ቫልቭ በድንገት አትዝጉ። ብረት ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 1 ሜትር የሚሄድ ውሃ ድንገት ሲቆም 100 ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ የሚፈጥረውን ያህል ተጨማሪ ግፊት ያመጣል፤ ጎርፍ መሠረቱን ያላላው ቱቦ ይህን አይችልም።

ስትጨርሱ ምን ያህል ኃይል እንደምትጠብቁ ለማወቅ በሰከንድ የሚገባውን ውሃ በሜትር ኩብ፣ ከፍታውን በሜትር ለኩና አባዙት፣ ከዚያ በ7 አባዙት፤ በግምት ኪሎዋቱ ይወጣል። 0.2 ሜትር ኩብ ከ20 ሜትር ቢወርድ 28 ኪሎዋት አካባቢ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ የተርባይኑን ምላጭ፣ ውሃው እየመታ የሚያዞረውን ክንፍ፣ ፍቱና እዩ፣ አሸዋ በልቶት ይሆናል።

የተቆረጠው ጎን ከሥሩ ዐለት ነው አፈር? እሱን ንገረኝና ስለ መሠረቱ እንቀጥላለን።