ፋርማሲ ፈልጌ ኬሚስትሪ ደረሰኝ

ውድ እህቴ፣

ፋርማሲ መርጠሽ ኬሚስትሪ እንደደረሰሽ፣ አባትሽም «መጨረሻው ጠመኔ መያዝ ነው» እንዳሉሽ ጽፈሽልኛል። «አቋርጬ የግል ኮሌጅ ገብቼ ፋርማሲ ልማር ወይ?» ነው ጥያቄሽ።

መጀመሪያ የማይሆነውን ልንገርሽ። የኬሚስትሪ ዲግሪ የፋርማሲስት ፈቃድ አያሰጥም። ምኞትሽ ከባንኮኒ ጀርባ ቆመሽ ለታማሚው ስለ መድኃኒቱ ማስረዳት ከሆነ፣ የቤተሰብሽም አቅም ከፈቀደ፣ ፋርማሲን ብትከተይ አልቃወምሽም። ግን እዚያው ደብዳቤሽ ላይ «መድኃኒት ከምን እንደሚሠራ ማወቅ ያጓጓኛል» ብለሻል። እሱ እኮ የኬሚስት ጥያቄ ነው! 500 ሚሊግራም ተብሎ የታሸገ ፓራሲታሞል እውነትም 500 መያዙን የሚመረምረው የፋብሪካው የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ነው፤ እዚያ ኬሚስት ይቀጠራል። አዲስ አበባ ቂሊንጦ ለመድኃኒት ማምረቻ ተብሎ የተሠራ የኢንዱስትሪ ፓርክ እንዳለ አትርሺ።

ቢራ፣ ሲሚንቶ፣ ሳሙና፣ ቆዳ፣ ሁሉም ላቦራቶሪ አለው። እኔ የጀመርኩት በስኳር ፋብሪካ ነው፤ በፈረቃ፣ ሌሊትም ጭምር። በሞላሰሱ (ስኳሩ ከወጣ በኋላ በሚተርፈው ጥቁር ወፍራም ፈሳሽ) ውስጥ የቀረው ስኳር ከልክ ካለፈ ፋብሪካው ገንዘቡን እያፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ያንን ቀድመን የምናየው እኛ ነበርን። የሌሊት ፈረቃ ለሴት ልጅ ቀላል አይደለምና ስትቀጠሪ የሰርቪስ ነገር ቀድመሽ ጠይቂ።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የውሃ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ንጥረ ነገር ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚያ በላይ እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ይበልዛል፤ መጠኑ ሲበዛና ዓመታት ሲቆጠሩ አጥንቱም ይጎዳል። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው፤ በዓይንም በምላስም አይታወቅም። የሚለካ ሰው ከሌለ እናትየው በምን ታውቃለች?

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ፤ ዋናው የምፈራልሽ ነገር እዚህ ነው። ላብ ስትገቡ አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ ቢውሬት (ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየለካ የሚያወርድ የመስታወት ቱቦ) ትከባላችሁ። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ቁጥር ይገለብጣል። እኔም የገልባጮቹ ወገን ነበርኩ። ስኳር ፋብሪካው ከመግባቴ በፊት ለሌላ ሥራ ስፈተን «0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ አንድ ሊትር አዘጋጅ» ተባልኩ። 4 ግራም መመዘኑን አላጣሁትም። «ትክክለኛ መጠኑን በምን አረጋገጥክ?» ሲሉኝ ግን መልስ አልነበረኝም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚስብ ሚዛኑ ብቻ አይታመንም፤ መጠኑ በትክክል ከሚታወቅ አሲድ ጋር በታይትሬሽን፣ ማለትም አንዱን በሌላው ላይ በቢውሬት እያንጠባጠቡ ስንት እንደሚፈጅ በመለካት፣ መፈተሽ አለበት። ይህን መጽሐፉ ላይ አንብቤው ነበር፤ እጄ ግን አያውቀውም። ያን ሥራ አላገኘሁም።

ስለዚህ ቢውሬቱን አንቺ ያዢው። ሌሎቹ ቢያጉረመርሙም ያዢው። የላብ ደብተርሽን በየቀኑ፣ የተበላሸውን ውጤት ሳይቀር፣ በቀኑ ጻፊ። የላብ ቴክኒሻኑን በአክብሮት ቅረቢ፤ መሣሪያ ሲጠገንና ካሊብሬት ሲደረግ (ልኬቱ ሲስተካከል) ልይ ብትይው ደስ እያለው ያሳይሻል። ከኤክሴልም ተለማመጂ። የመውጫ ፈተናውን ለመጨረሻው ወር አታቆዪው፤ ማለፊያው 50 በመቶ ቢሆንም የአራት ዓመት ትምህርት በአንድ ወር አይከለስም።

ውጭ አገር መማር ካሰብሽ፣ በአሜሪካ ብዙ የኬሚስትሪ ዶክትሬት ፕሮግራሞች በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀበላሉ፤ ተማሪው እያስተማረ ወይም ምርምር እያገዘ ክፍያ ያገኛል። ውጤትሽንና እንግሊዝኛሽን ከአሁኑ አጥብቂ።

ለአባትሽ ደግሞ እንዲህ በያቸው፦ ጠመኔ መያዝ ውርደት አይደለም፤ እኔን ኬሚስትሪ ያስወደዱኝ የአሥረኛ ክፍል መምህሬ ናቸው። ግን ብቸኛው በር እሱ አይደለም።

ከማቋረጥሽ በፊት አንድ ሴሚስተር ስጪው። ክረምት ላይ ደግሞ በአካባቢሽ ወዳለ የውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤት ወይም ፋብሪካ ሄደሽ፣ ለሁለት ሳምንት ያለ ክፍያ ላቦራቶሪያቸው ውስጥ እንድትቆሚ ጠይቂ። ካየሽው በኋላም ልብሽ ወደ ፋርማሲ ካደላ ጻፊልኝ፤ የኮሌጁን ምርጫ አብረን እናያለን።