የስፓ ቤቱ «ዶክተር አሳ» የጣናው ነው ወይ?

ዱባይ ስፓ ቤት ገብተሽ እግርሽን የለቃቀሙልሽ ትንንሽ አሳዎች «የጣና ናቸው» መባሉ እውነት እንደሆነ፣ ቤት ውስጥ ማርባት ይቻል እንደሆነም ጠይቀሻል።

እህቴ፣ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። ሁለቱም «ጋራ» በሚባለው የአሳ ወገን ውስጥ ናቸው። ስፓ ቤት የሚያስገቡት «ዶክተር አሳ» ጋራ ሩፋ የሚባለውን ነው፤ አገሩ ቱርክና ጎረቤቶቿ ናቸው፣ ዝናውንም ያገኘው በቱርኩ ካንጋል ፍል ውሃ ነው። የእኛው ጋራ ዴምቤንሲስ ስሙን ያገኘው ጣና ዳር ካለችው ከደምቢያ ሲሆን ጀርመናዊው ተመራማሪ ሩፔል በ1835 መዝግቦታል። በ2007 ደግሞ የአሳ ተመራማሪዎቹ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ ከኢትዮጵያ ብቻ አምስት አዳዲስ የጋራ ዝርያዎችን ገልጸዋል (ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር)። ከነሱ አንዱ ጋራ ታና ነው።

መለያቸውን ማየት ከፈለግሽ አሳው የገንዳው መስታወት ላይ ሲለጠፍ ከስር ተመልከቺው። ከአፉ በታች ክብ ሥጋማ ነገር አለ፤ ወራጅ ውሃ እንዳይወስደው ድንጋይ የሚይዘው በሱ ነው። ከዚያ የከንፈሩን ጠርዝ እየጎተተ ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ ይፍቃል። እኔ ይህን ቆሜ ሳይ አይሰለቸኝም።

መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም። የሰው ቆዳ የሚለቅመውም ስለራበው ነው፤ አልጌ ከጠገበ እግርሽን ዞር ብሎ አያይም። ለዚህ ነው ስፓው ደስ የማይለኝ፤ አስርቦ ማሠራት ነው። ውሃውም አሳው ውስጡ እያለ በመድኃኒት አይጸዳም። በ2011 ወደ እንግሊዝ ከገቡ የስፓ አሳዎች ላይ ሰውንም የሚያሳምም ባክቴሪያ ተገኝቷል። ስኳር ያለበት ወይም እግሩ የተላጠ ሰው ባይገባ ይሻላል።

ማርባት ግን ይቻላል፣ ከታወቀ ሻጭ ግዢ። ከወንዝ ቀድቶ ማምጣትን፣ ከዚያ የባሰ ደግሞ የገዙትን ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ መልቀቅን አጥብቄ እቃወማለሁ። ክብ ብርጭቆ አይሆንለትም፤ ረዘም ያለ አኳሪየም፣ ውሃውን በደንብ የሚገፋ ፊልተር፣ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ፣ አልጌ እንዲበቅል በቂ ብርሃን ይፈልጋል። አልጌው እስኪበረክት ቀቀል ያለ ዝኩኒ ቆርጠሽ ጣይለት፣ የተረፈውን በማግስቱ አውጪ። ቀስ ብለው ከሚዋኙ እንደ ወርቅ አሳ ካሉት ጋር አትቀላቅዪው፣ ጎናቸውን እየፋቀ ያቆስላቸዋል። እርጥብ መስታወት ላይ ስለሚወጣ ክዳኑ ክፍተት አይኑረው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ደግሞ የክሎሪን ማጥፊያ ጨምሪበት።