ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ያሰጋል?

ጥያቄ፦ ለዓሣ ማስገርና ለጀልባ መዝናኛ የምንጠቀምበት አነስተኛ የግል የአፈር ግድብ አለን። በቅርቡ ከግርጌው አጠገብ መሬቱ ረጥቦ ቀጭን ውሃ መፍሰስ ጀምሯል፤ በተዳፋቱ ላይም ትልልቅ ዛፎች በቅለዋል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ከአፈር ግድብ ጥቂት ውሃ መስረጉ ያለ ነገር ነው፤ ወሳኙ የውሃው መልክና መጠን ነው። በንጹሕ ብርጭቆ ቀድታችሁ ለጥቂት ጊዜ አስቀምጡት፤ ከሥሩ ደለል ከዘቀጠ፣ ውሃው የግድቡን አፈር ከውስጥ እየሸረሸረ ይዞት እየወጣ ነውና ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። ጥርት ያለ ቢሆንም፣ የሐይቁ ከፍታ ሳይጨምር ፍሰቱ ከበረታ ስጋቱ ያው ነው። ያን ጊዜ ከግድቡ በታች የሚኖሩትን ሳትውሉ ሳታድሩ አስጠንቅቁ፣ የግድብ መሐንዲስ ጥሩ፤ የሐይቁንም ውሃ በመሐንዲሱ ምክር ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ በአንዴ ከጎደለ በሐይቁ በኩል ያለው በውሃ የራሰው ተዳፋት ሊናድ ይችላል። የሚያፈሰውን ቀዳዳ በጭቃ መድፈን ግን ውሃውን በሌላ በኩል እንዲፈነቅል ከማስገደድ በቀር አይረዳም።

የግድቡ ማነስ አያዘናጋችሁ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት የነበረውና በኋለኛው ዘመኑ ለመዝናኛ ያገለግል የነበረው ኬሊ ባርንስ የአፈር ግድብ፣ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1977 በሌሊት ተደርምሶ 39 ሰዎች ሞተዋል።

ዛፎቹን በተመለከተ፣ ሥራቸው ሲበሰብስ ለውሃ መተላለፊያ ስለሚሆን፣ ችግኞቹን ከአሁኑ ንቀሉ፤ ትልልቆቹን ግን ያለ መሐንዲስ ምክር አትንኩ።