ከረጢቱ ላይ ስለምትጽፉት

ባለፈው ወር ደሴ ላይ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። የጎረቤቴ ልጅ ነው። «እትዬ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለና ስልኩን አውጥቶ የቡና መቁያ ማሽን ፎቶ አሳየኝ። በአንድ ጊዜ 15 ኪሎ የሚቆላ፣ የሚያምር ነገር ነው። ውጭ ያለው አጎቱ ገንዘብ ሊልክለት ቃል ገብቷል። ፒያሳ ላይ ሱቅ ሊከፍት አስቧል። አዲስ አበባ እንዳሉት፣ ቡናው እዚያው ተቆልቶ በከረጢት የሚሸጥበት ሱቅ።

«ቡናውስ ከየት ነው?» አልኩት።

«እሱ ችግር የለውም፣ ይገኛል» አለኝ።

ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ተቀምጣችሁ እንደ እሱ ለምታስቡም ሁሉ ነው። እኔ 27 ዓመት ቡና ስቀምስና ስቆላ ኖሬያለሁ። አዲስ አበባ ጀመርኩ፣ ዲላ ሠራሁ፣ እንደገና አዲስ አበባ ተመለስኩ፣ አሁን አገሬ ገብቻለሁ።

መጀመሪያ የማፍርበትን ልንገራችሁ። ሥራ የጀመርኩት አንድ የአዲስ አበባ ቡና መሸጫ ውስጥ ነው። ደንበኛው ብዙ ነበር። «ይርጋጨፌ» የሚል ማኅተም ነበረን። የይርጋጨፌ ቡና ሲያልቅ ሌላ የታጠበ፣ ማለትም ገለፈቱ ተፈልፍሎ በውሃ የጸዳ፣ ቡና ይገባል፤ ማኅተሙ ግን ያው ነው። ከረጢቱ ላይ የምመታው እኔ ነበርኩ። ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ማንንም አልጠየቅኩም።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ገቡ። ግማሽ ኪሎ ገዙና እዚያው እንድናፈላላቸው ጠየቁ። ስኒውን አሽተው ትንሽ ቆዩ። አንድ ጊዜ ፉት አሉ። ከዚያ ስኒውን ቀስ አድርገው አስቀመጡት። «ልጄ፣ እኔ ተወልጄ ያደግኩት ይርጋጨፌ ነው። ይሄ ጥሩ ቡና ነው። የኛ ግን አይደለም» አሉኝ። አልተቆጡም። ሒሳቡን ከፍለው፣ ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት ወጡ።

ከዓመታት በኋላ አገራችን ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ውጭ አገር ስትሟገት፣ በ1999 ከአሜሪካው የቡና ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ሲፈረም፣ ሰው ሁሉ ደስ ሲለው እኔ ያን ማኅተም ነበር የማስበው። እዚያ ለስሙ ስንሟገት፣ እዚህ በገዛ እጄ ስሙን በማንም ቡና ላይ ስመታ ኖሬያለሁ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ማሽኑ ይቆይ። ሱቁን ሱቅ የሚያደርገው ከረጢቱ ላይ የምትጽፉት ነው። ቡናው የየት ወረዳ ነው? የታጠበ ነው ወይስ ከነገለፈቱ የደረቀ? የየትኛው ዓመት ምርት ነው? መቼ ተቆላ? የማታውቁትን አትጻፉ። «የሲዳማ ቡና» ብቻ ከሆነ የምታውቁት፣ ያንን ብቻ ጻፉ፤ አያሳፍርም።

ይህ በእኛ ጊዜ ከባድ ነበር። ቡና በ2001 ወደ ምርት ገበያ ሲገባ በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ነበር የሚሸጠው፤ የገበሬው ስም መንገድ ላይ ይጠፋ ነበር። የ2009 የቡና ግብይት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ግን ቡናን ከነምንጩ መከታተል ቀሏል። በ2012 ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው የቡና ጥራት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ አገራችን ውስጥ ሲካሄድ፣ ትንሽ ማሳ ያላቸው ገበሬዎች በስማቸው ተጠርተው ቡናቸው ለዓለም ተሸጠ። እናንተ የምትጀምሩት ከዚህ ነው። እድለኞች ናችሁ። ፈቃዱን በተመለከተ ግን አንድ ኪሎም ሳትገዙ ቡናና ሻይ ባለሥልጣን ዘንድ ሄዳችሁ ጠይቁ። በወሬ አትሥሩ።

አሁን ወደ ደሴ ልመልሳችሁ። አዲስ አበባ የሚሠራው ሁሉ እዚህ አይሠራም። አዲስ አበባ ላይ የተቆላ ቡና የሚገዛው ሰው በአብዛኛው ቤቱ አይቆላም። ወሎ ግን ቡና የሚቆላው እንግዳው ፊት ነው፤ ጭሱን ተቀብሎ፣ ተመራርቆ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪል የሚቀመጥ ሕዝብ ነው። እናቶቻችን የተቆላ ቡና በከረጢት አይገዟችሁም። ለምን ይገዛሉ? እናንተ ከቆላችሁት እነሱ የቆሉት ይበልጣል።

የእነሱ ችግር ሌላ ነው። የኛ ገበያ ለብዙ ዘመን የኖረው ከውጭ ንግድ በተረፈ ቡና ነው። ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ኪሎ ገዝታችሁ ሰፌድ ላይ አፍስሱትና እዩት። ጥቁሩ፣ ነቀዝ የበሳው፣ ሰባራው፣ አልፎ አልፎም ጠጠሩ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከበርበሬ ጎን ሲሸጥ የዋለ ነው። ጥሬ ቡና ደግሞ የጎረቤቱን ሽታ ይጠጣል። በርበሬ አጠገብ የሰነበተ ቡና በርበሬ በርበሬ ይላል፤ ብትቆሉትም አይለቅም።

እና እኔ ብሆን መጀመሪያ የምሸጠው ጥሬ ቡና ነው። ተለቅሞ፣ ተበጥሮ፣ የመጣበት ታውቆ፣ ከረጢቱ ላይ ተጽፎ። እናቶች ይህን ሲያገኙ ለጎረቤት ይናገራሉ። የተቆላውን ለካፌዎችና ለሆቴሎች አቅርቡ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውለው ማታ ለሚገቡት፣ ለብቻቸው ቤት ተከራይተው ለሚኖሩትም ይሆናል። ጥሬውን ስታስቀምጡ ከግድግዳ አርቁት፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት። የደሴ ክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ ርጥበቱ ከ12 በመቶ ያለፈ ቡና ሳታስቡት ይሻግታል።

ስለ ሒሳብ በአጭሩ። ቡና ሲቆላ ክብደቱ ይቀንሳል። 10 ኪሎ ጥሬ ብትቆሉ የምታገኙት 8 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው፤ አጥቁራችሁ ከቆላችሁት ከዚያም ያነሰ። ጥሬው በኪሎ 600 ብር ቢሆን፣ የተቆላው ገና ሳይታሸግ፣ ኪራይና መብራት ሳይታሰብ፣ 700 ብር አልፎ ይሆናል። ይህን ያልቆጠሩ ጎበዝ ልጆች ሲከስሩ አይቻለሁ።

ሌላም በቪዲዮ የማትማሩት ነገር አለ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ 100 አይደለም። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል 94 ትደርሳለች። የውጭዎቹ መመሪያዎች «ውሃው ከፈላ በኋላ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል» ይላሉ። ደሴ ላይ ይህን ካደረጋችሁ ቡናው ይኮመጥጣል፣ ይቀጥናል። ከዚያ ቡናው ነው መጥፎ ትላላችሁ። ቶሳ ተራራ ሥር እንደምትኖሩ አትርሱ፤ ውሃው እንደፈላ አፍስሱት። ካልበቃ ቡናውን ትንሽ አድቅቃችሁ ፍጩት። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባሪስታ እዚህ ከተማ ሦስት ቀን ሙሉ ማሽኑን ሲያማርር ነበር፤ ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም።

ስለ አቆላል ሲወራ እናቴ ትዝ ትለኛለች። እናቴ ቡና ስትቆላ ዓይኗ ሰው ላይ ነበር። እያወራች፣ እየሳቀች፣ እጇ ምጣዱ ላይ። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ግን ዝም ትላለች። ጭንቅላቷን ትንሽ ወደ ምጣዱ ዘንበል ታደርጋለች። መንጣጣቱ ሳሳ ሲል ምጣዱን ታወርደዋለች። ከዓመታት በኋላ ቴርሞሜትር ያለው ማሽን ላይ ስቀመጥ፣ ያ ድምፅ የሚመጣው 200 ዲግሪ አካባቢ እንደሆነ ተማርኩ። ቁጥሩ ጠቅሞኛል። መስማቱን ግን ከእሷ ነው የወሰድኩት። ማሽን ስትገዙ የሚንጣጣውን መስማት የምትችሉበት ይሁን። ሙዚቃ እየሰማችሁም አትቁሉ።

ለጀበና ጠቆር ያለ ቡና የሚወድ ደንበኛ ሲመጣ አትናቁት። ይህ ያሳስበኛል። አንዳንድ ልጆች ሁለት ሳምንት ሠልጥነው ይመጡና የእናቶቻቸውን ቡና «የተቃጠለ» ይሉታል። ቀላ ያለ አቆላል ለወረቀት ማጣሪያ ያምራል። ጀበና ሌላ ነው፤ ውሃው ይፈላበታል፣ ደጋግሞ ይቀጥናል፣ እስከ በረካ መድረስ አለበት። ሁለቱንም ቁሉ፣ ከረጢቱ ላይ ለምን እንደሚሆን ጻፉ።

ቀኑን ደግሞ አደራ። የተቆላበትን ቀን ደብቆ «እስከዚህ ድረስ ይጠጡት» የሚል ብቻ የሚጽፍ ሻጭ ለራሱ ነው ያሰበው። ለማጣሪያ የሚሆን ቡና ከተቆላ በኋላ አምስት ስድስት ቀን ቢያርፍ ይሻለዋል፤ ጋዙ ይወጣለታል። ወር ካለፈው ሽታው እየሸሸ ይሄዳል። በትንሹ ቁሉ፣ ቶሎ ሽጡ። ለዚህ 15 ኪሎ ማሽን አያስፈልግም፤ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ የሚቆላ ይበቃል።

ያን ልጅ «አብሽር፣ ማሽኑ ይደርሳል። መጀመሪያ ምላስህን አሠራው» አልኩት። ሦስት ስኒ እንዲያዘጋጅ ነገርኩት። ሁለቱ አንድ ዓይነት ቡና፣ አንዱ የተለየ። ለ150 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ 8 ግራም ከሩብ የተፈጨ ቡና፤ አራት ደቂቃ ጠብቆ ከላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ መግፈፍ፣ ከዚያ መቅመስ። ልዩ ቡና የሚባለው ቀማሾች ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ የሰጡት ነው፤ ነጥብ መስጠት ግን በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ የተለየውን ስኒ ማግኘት ነው። እህቱ ስኒዎቹን ቦታ ታቀያይርለታለች። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፤ ከአሥር ጊዜ አራቱን አግኝቷል። በድምፁ ተስፋ የቆረጠ ይመስል ነበር። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ቁጥሩን ሳይጨምር ነግሮኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ። እሱ ይመጣል። ሌሎቻችሁም ኑ። ስኒና ማንኪያ አለኝ፤ እናንተ ሦስት ዓይነት ቡና ይዛችሁ ኑ። ስማቸውን ግን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከስኒው ሥር ገልብጡት፤ እኔም እንዳላየው።