ለጅማ የትኛው ባቡር ያዋጣል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ባቡር ጅማን ከአዲስ አበባ ቢያገናኝ ጠዋት ሄዶ ማታ መመለስ ይቻላል። መንግሥት ገንዘብ ቢያፈስበት አያዋጣም? (ከሄርማታ)

መልስ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን እናስላ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣሪያው 300 የሆነ ባቡር ሲነሳ፣ ሲቆምና በየጣቢያው ሲቀዛቀዝ አማካዩ ወደ 200 ይወርዳል። ስለዚህ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። እንደ ጅቡቲው መስመር ለ120 የተነደፈ ባቡር በአማካይ 90 ቢነዳ 4 ሰዓት አይሞላም። አውቶቡሱ 7 ሰዓት ይወስዳል ካልን፣ ተራው ባቡር 3 ሰዓት ያተርፍልናል፤ ፈጣኑ ደግሞ በዚያ ላይ ሌላ 2 ሰዓት። ክርክሩ ያለው በእነዚህ 2 ሰዓታት ዋጋ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር 752 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ በኪሎ ሜትር ከ5 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የቻይና ፈጣን መስመሮች በኪሎ ሜትር ከ17 እስከ 21 ሚሊዮን ዶላር ፈጅተዋል። ይህም በርካሽነቱ የሚታወቀው ነው። ቻይና ራሷ በኢንዶኔዥያ የሠራችው የጃካርታ–ባንዱንግ መስመር 142 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ በላ፤ በኪሎ ሜትር ከ50 ሚሊዮን በላይ መሆኑ ነው። ለእኛ 350 ኪሎ ሜትር በቻይና ዋጋ ከ6 እስከ 7 ቢሊዮን፣ በኢንዶኔዥያው ደግሞ ወደ 18 ቢሊዮን ዶላር ይመጣል።

ዋጋውን እንዲህ የሚያንረው ባቡሩ አይደለም፤ መሬቱ ነው። ፍጥነት ሲጨምር ኩርባው በፍጥነቱ ካሬ ልክ መስፋት አለበት። ለ120 ፍጥነት 800 ሜትር ራዲየስ ያለው ኩርባ ይበቃል፤ ለ300 ግን 4,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ይህን ይዘን ጊቤ በረሃ እንውረድ። ሰበታ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ፣ የጊቤ ድልድይ 1,100 ገደማ፣ ጅማ ደግሞ 1,780 ላይ ናቸው። 1,200 ሜትር ወርደን ቢያንስ 680 ሜትር መልሰን እንወጣለን ማለት ነው። ጭነት የሚጎትት ባቡር በየ1,000 ሜትሩ ከ18 ሜትር በላይ መውጣትም መውረድም ብዙም አይደፍርም፤ ስለዚህ ቁልቁለቱን ብቻ ለመጨረስ 67 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ይፈልጋል፣ ተራራውንም እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ፈጣኑ ባቡር ቀላልና ጉልበታም ስለሆነ 35 ሜትር ድረስ ይደፍራል፤ የፓሪስ–ሊዮን መስመር እ.ኤ.አ. በ1981 የተከፈተው በዚህ ልክ ነው። ችግሩ መጠምዘዝ አይችልም። ተራራ ሲያጋጥመው ዋሻ፣ ገደል ሲያጋጥመው ረጅም ድልድይ ይጠይቃል። በመኪና መንገድ ላይ በሾፌሩ መሪ የሚታለፈው መታጠፊያ ሁሉ እዚህ በሲሚንቶና በብረት ይከፈላል።

ተሳፋሪስ? የአውሮፓን ፈጣን መስመሮች ያጠኑ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች 500 ኪሎ ሜትር የሚረዝም መስመር እንዲያዋጣ የሚሰጡት ዝቅተኛ መነሻ በዓመት ከ8 እስከ 10 ሚሊዮን ተሳፋሪ ነው፤ ያውም ሁኔታው ሁሉ ሲመቻች። የእኛ መስመር አጭር ነውና ቁጥሩን በግማሽ ቀንሰን 4 ሚሊዮን እንበል። በቀን 11,000 ሰው፣ በ60 ሰው አውቶቡስ ደግሞ ከ180 በላይ ሙሉ አውቶቡስ ይሆናል፤ ደርሶ መልሱን ደምሮ፣ ዓመት ሙሉ፣ ክረምት ከበጋ።

ፈጣን ባቡር የሰመረላቸው አገሮች የጀመሩት ከጭንቅንቅ ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮንና ኦሳካን ያገናኘችው አሮጌው ሐዲድ ስለሞላባት ነው፤ ያም ሆኖ ወጪው ከታሰበው እጥፍ ገደማ ሆኖ የባቡር ድርጅቱን ኃላፊ ከሥልጣን አስለቅቋል። ሞሮኮም በ2018 (እ.ኤ.አ.) አዲስ ሐዲድ የዘረጋችው ከታንጀር እስከ ኬኒትራ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ካዛብላንካ ባቡሩ በነበረው መስመር ይሄዳል። እኛ ወደ ጅማ የሚሞላም የሚጨናነቅም ሐዲድ የለንም። ከሰበታ ተነስቶ በጅማ በኩል ወደ ደቡብ ሱዳን ድንበር ይዘልቃል የተባለው መስመር በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ነበረ፤ አልተሠራም። ስለዚህ መልሳችን፦ ለ300 አያዋጣም። ከ120 እስከ 160 ለሚሄድ፣ ጭነትም ለሚያነሳ መስመር ግን ጥናቱ ቢከለስ አይከፋም። ታንዛኒያ ከዳሬሰላም ዶዶማ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ሥራ ያስጀመረችው የኤሌክትሪክ ባቡር ለ160 የተነደፈ ነው።

ጥያቄ፦ ቡናችንንስ በፈጣኑ ባቡር መላክ አይቻልም? (ከአጋሮ)

መልስ፦ አይቻልም። የፈጣን ባቡር አንድ አክስል (ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘው ዘንግ) የሚሸከመው 17 ቶን ገደማ ነው፤ የጅቡቲው መስመር ግን 25 ቶን ይችላል። በኩርባ ላይ ደግሞ የውጭው ሐዲድ ከውስጠኛው ከፍ ተደርጎ ይነጠፋል። ከፍታው ለፈጣኑ ከተለካ፣ ዝግ ብሎ የሚያልፈው ከባድ ፉርጎ ወደ ውስጥ ተንጋዶ ሐዲዱን ይፈጨዋል። ለከባዱ ከተለካ ፈጣኑ መቀነስ ግድ ይለዋል።

በተራው ሐዲድ ግን ሒሳቡ ያምራል። በአንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች ይገባሉ፤ 19.2 ቶን። አንድ ፉርጎ ሁለት ኮንቴይነር ቢይዝ፣ 30 ፉርጎ የ30 ተሳቢ መኪናን ሥራ ባንድ ጉዞ ይጨርሳል። የሚበላሸው ሌላ ቦታ ነው። ቡናው አዲስ አበባ ወርዶ ተበጥሮና ተለቅሞ እንደገና የሚጫን ከሆነ፣ ሁለት ጊዜ የማውረድና የመጫን ወጪ የባቡሩን ትርፍ ይውጠዋል። ማበጠሪያው፣ የጥራት ምርመራውና የጉምሩክ ፕሎምቡ (ማሸጊያው) ጅማ ላይ ካልተጠናቀቀ ሐዲዱ ብቻውን አይረዳም። ባቡሩም ባዶውን መመለስ የለበትም፤ ማዳበሪያ፣ ነዳጅና ብረት ይዞ መግባት አለበት።

ጥያቄ፦ ግልገል ጊቤ አጠገባችን ነው፤ የመብራት ነገር አያሳስብም አይደል? (ከጅሬን)

መልስ፦ ኃይሉ ይበቃል። ግልገል ጊቤ አንድ 184 ሜጋ ዋት ነው፤ አንድ የፈረንሳይ ፈጣን ባቡር በሙሉ ጉልበቱ 9 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። የሚያሳስበው ማድረሻው ነው። ከ40 እስከ 60 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ሁሉ ማከፋፈያ፣ ለእያንዳንዱም ከሁለት አቅጣጫ የሚመጣ ከፍተኛ መስመር ያስፈልጋል። የአዋሽ–ኮምቦልቻ ሐዲድ ተነጥፎ ካለቀ በኋላ የቆመው በዚሁ በኃይል አቅርቦት ምክንያት መሆኑን ማስታወስ ነው።

ጥያቄ፦ የባቡር ጥናት ለሕዝብ ውይይት ቢቀርብ ምን እንጠይቅ? (ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ብድሩ በምን ገንዘብ እንደሚከፈል። ተሳፋሪ የሚከፍለው በብር ነው፤ አበዳሪ የሚቀበለው በዶላር። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የዶላር ዕዳ ያለበት ማንኛውም ድርጅት ቲኬት ሳይጨምር ዕዳው በብር እጥፍ ሆነ። የጅቡቲው መስመር ብድር የመክፈያ ጊዜው ወደ 30 ዓመት የተራዘመውም ከዚያ ቀድሞ ነው።

ቀጥሎ ጣቢያው የት እንደሚሆን። የአዲስ አበባው ለቡ፣ የድሬዳዋው ከከተማ ውጭ ናቸው። በሐዲድ የተቆጠበ ሰዓት በታክሲ ወረፋ ከባከነ ምን ተረፈ? ስለ አጥርም ጠይቁ። በ300 የሚሄድ ባቡር ፍሬን ይዞ ለመቆም ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይፈልጋል። ሐዲዱ ዳር እስከ ዳር ካልታጠረና ከብትና ገበሬ በላይ ወይም በታች የሚሻገሩበት ካልተሠራላቸው መነዳት የለበትም። የማሻገሪያዎቹ ቁጥርና ቦታ በጥናቱ ውስጥ ተጽፎ ይታይ።

የተሳፋሪ ትንበያውን ደግሞ ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ። መናኸሪያ በር ላይ ከንጋት እስከ ምሽት ሁለት ሰው አቁሙ፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወጣውን አውቶቡስና ሚኒባስ ከነወንበሩ ይቁጠሩ። አንዱ ቀን የሐሙስ ገበያ፣ አንዱ ተራ ቀን፣ አንዱ የበዓል ዋዜማ ይሁን። የዋዜማውን ቁጥር ግን ለብቻው አስቀምጡት፤ ትንበያ የሚያብጠው ብዙ ጊዜ እሱን በ365 ሲያባዙት ነው።