ባለ 5 ኢንቹ «ቪክቶሪ» የማን ነበር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሽጉጦች መሰብሰብ ጀምሬአለሁ። ሰሞኑን የመሣሪያ ባዛር ላይ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን «ቪክቶሪ» ስድስት ጎራሽ አየሁ። አፈሙዙ 5 ኢንች ነው። አናቱ ላይ «ዩናይትድ ስቴትስ ፕሮፐርቲ» ይላል። አፈሙዙና ከበሮው ላይ ደግሞ ዘውድ ያለባቸው ትናንሽ ምልክቶች አሉ። ሻጩ «የአሜሪካ ባሕር ኃይል ነው፣ .38 ስፔሻል ይተኩሳል» ብሎ ዋጋውን ሰማይ ሰቅሎታል። ልግዛው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሽጉጡ እውነተኛ ሳይሆን አይቀርም። የባሕር ኃይሉ ታሪክ ግን አያስኬድም።

ለአሜሪካ ጦር የተሠራው ቪክቶሪ በአብዛኛው ባለ 4 ኢንች ሆኖ .38 ስፔሻል የሚባለውን ረዘም ያለ ጥይት የሚጎርስ ነው። ባለ 5 ኢንቹ የተሠራው ለእንግሊዝና ለኮመንዌልዝ ወታደሮች ነው። የሚጎርሰውም .38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የሚባለውን አጭር ጥይት ነው። እንግሊዞቹ .38/200 ይሉታል።

ታዲያ የአሜሪካ መንግሥት ማህተም ምን ይሠራበታል? አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1941 ባወጣችው የሌንድ ሊዝ ሕግ ለአጋሮቿ የላከችውን መሣሪያ የገዛው የራሷ መንግሥት ነው። ስለዚህ ማህተሙ ገንዘቡን ማን እንደከፈለ እንጂ ማን እንደታጠቀው አይነግርህም። አጠገቡ «ጂ ኤች ዲ» የሚል ካለ የመንግሥቱ ተረካቢ የኮሎኔል ጋይ ድሩሪ ስም ምህጻር ነው።

ዘውዶቹን በማጉያ መነጽር እያቸው። ከዘውዱ ሥር «ቢ ኤን ፒ» ካለ በርሚንግሃም ተፈትኖ ያለፈ ነው። እንግሊዝ አገር ጦሩ ያስወጣው ሽጉጥ ለሲቪል ከመሸጡ በፊት ከተለመደው በላይ ኃይል ባለው ጥይት ተፈትኖ ነው ማህተም የሚመታበት። ብዙዎቹ ላይ «ኖት ኢንግሊሽ ሜክ» የሚልም አለ። በተለይ .767 እና 3½ ቶን የሚሉ ቁጥሮችን ፈልግ። የመጀመሪያው የቀለሁ ርዝመት በኢንች ነው፣ ሁለተኛው የግፊት መጠን። ይህ ካለ፣ ሽጉጡ ሲፈተን የሚጎርሰው አጭሩን ጥይት ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ከጦርነቱ በኋላ ነጋዴዎች ብዙዎቹን ሽጉጦች .38 ስፔሻል እንዲጎርሱ ከበሯቸውን በመሰርሰሪያ አስረዘሙት። ችግሩ የአጭሩ ጥይት ቀለህ ወፈር ያለ መሆኑ ነው፤ .386 ኢንች አካባቢ። የስፔሻሉ .379 ነው። ርዝመቱን መጨመር ይቻላል፣ የሰፋውን ማጥበብ ግን አይቻልም። ስፔሻል ስትተኩስበት ቀለሁ ሥሩ ላይ ያብጣል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። እርሳሱም ከአፈሙዙ ስለሚቀጥን በትክክል አይመታም።

መፈተኑ ቀላል ነው። መጀመሪያ ከበሮውን ከፍተህ ስድስቱም ጉድጓድ ባዶ መሆኑን አረጋግጥ። ከዚያ ባሩድ የሌለው የ.38 ስፔሻል መለማመጃ ጥይት ይዘህ ሻጩን አስፈቅድና አስገባ። ከፊሉ ውጭ ከቀረ ከበሮው አልተነካም። እስከ ከንፈሩ ሰተት ብሎ ከገባ ተሰርስሯል። ስድስቱንም ጉድጓድ ሞክር። የተሰረሰረውን ለመተኮስ አትግዛው። ለስብስብም ቢሆን ዋጋው መውረድ አለበት።

ሴሪያል ቁጥሩን ሰደፉ ሥር ታገኘዋለህ። ያው ቁጥር ከበሮው ጀርባ ላይ፣ አፈሙዙ ሥርና ቀለህ አስወጪው ኮከብ ላይ መደገም አለበት። አንዱ ከተለየ ክፍሉ ተቀይሯል። ቁጥሩ በ«ቪ» ከጀመረ አንድ ነገር ልብ በል። እ.ኤ.አ. በ1944 አንድ ቪክቶሪ መርከብ ላይ ወድቆ ባርቆ መርከበኛ ገደለ። ፋብሪካው መዶሻውን የሚያግደውን ክፍል አሻሽሎ ቁጥሩን «ኤስ ቪ» አደረገው። ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነና ካልተሻሻለ አምስት ብቻ አጉርስ፤ መዶሻው ባዶው ጉድጓድ ላይ ይረፍ።

ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ግራጫ፣ እጀታው ለስላሳ የዋልነት እንጨት መሆን አለበት። የሚያብረቀርቅ ኒኬል ካየህ በኋላ የተነከረ ነው። የፊደላቱ ጠርዝ ሟሙቶ የብሎኖቹ ዙሪያ ከጎደጎደም ተሞርዷል። ማህተም ከዙሪያው ብረት እኩል ነው ማርጀት ያለበት። ብረቱ ተፍቆ አልቆ ጽሑፉ ብቻ ትናንት የተመታ ከመሰለ ተጠራጠር። ለሰብሳቢ ያረጀ የፋብሪካ ቀለም ከአዲስ ቀለም ይበልጣል፤ ስለዚህ ገዝተህ በብረት ብሩሽ እንዳትፈገፍገው። ዘይት በነካ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል።

ሻጩ አሁንም ባሕር ኃይል ካለህ፣ ከስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሂስቶሪካል ፋውንዴሽን ደብዳቤ ያምጣ። ሽጉጡ ከፋብሪካ መቼ ወጥቶ ለማን እንደተላከ ከመዝገቡ ይጽፉልሃል። ደብዳቤ ከሌለው የእንግሊዝ ቪክቶሪ ዋጋ አቅርብለት። ቁጥሮቹ ከገጠሙና ከበሮው ካልተነካ እኔ ብሆን እወስደዋለሁ። ከመተኮስህ በፊት ግን መሣሪያ ጠጋኝ ይየው። ጥይቱን አጭሩን .38 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ብለህ ግዛ።

መሰብሰቡን ከቀጠልክ ለፌዴራሉ የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለኤ ቲ ኤፍ የሰብሳቢ ፈቃድ አመልክት። ለሦስት ዓመት 30 ዶላር ነው። 50 ዓመት የሞላቸውንና እንደ ጥንታቸው ያሉትን ከሌላ ስቴት በቀጥታ ማስመጣት ያስችልሃል።