መልስ፦ ጠዋት ልክ የሆነው ሪፒተር ከሰዓት ለምን ይሸሻል?

የ439 ሜጋኸርዝ ሪፒተርህ (የሬዲዮ ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጨው ጣቢያ) ፍሪኩዌንሲው ጠዋት ልክ ሆኖ ከሰዓት 3 ኪሎኸርዝ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ መጀመሪያ የማስተላለፊያውን ክሪስታል፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነውን ክፍል፣ ጠርጥር። ይህ ከሚሊዮን 7 እጅ ያህል መሸሽ ነው፤ ተራ ክሪስታል ሣጥኑ ሲግል ይህን ማድረጉ አይገርምም። ዱፕሌክሰሩን (ማስተላለፊያውና ተቀባዩ አንድ አንቴና እንዲጋሩ የሚያደርገውን ማጣሪያ) አትንካው፤ እሱ ሲበላሽ ኃይል ይበላል እንጂ ፍሪኩዌንሲ አይቀይርም።

1. አንቴናውን ነቅለህ ደሚ ሎድ (በአንቴና ፋንታ ኃይሉን ወደ ሙቀት የሚቀይር ጭነት) ግጠም፤ 30 ደቂቃ ካሞቅኸው በኋላ ፍሪኩዌንሲውን በካውንተር (በፍሪኩዌንሲ መለኪያ) ለካ።
2. በጸጉር ማድረቂያ ክሪስታሉን ብቻ ለብ አድርገው። ቁጥሩ ወዲያው ከሸሸ ጥፋተኛውን አገኘኸው።
3. ካልሸሸ፣ ኦስሌተሩን (በክሪስታሉ ፍሪኩዌንሲውን የሚያመነጨውን ክፍል) የሚመግበውን ቮልቴጅ ሲያስተላልፍም ሳያስተላልፍም ለካ። ሲያስተላልፍ የሚወርድ ከሆነ ሬጉሌተሩን (ቮልቴጁን የሚያረጋውን ክፍል) ቀይር።

ትሪመሩን (ፍሪኩዌንሲውን በጥቂቱ የሚያስተካክለውን ማዞሪያ) ማዞር ስህተቱን ከከሰዓት ወደ ጠዋት ያዛውረዋል እንጂ አያጠፋውም። ዘላቂው መፍትሔ ሙቀት የሚያካክስ ኦስሌተር፣ ማለትም ቲሲኤክስኦ፣ መግጠም ነው፤ ከሚሊዮን 1 እጅ የማይበልጥ ስህተት ያለው ይበቃል፣ 0.44 ኪሎኸርዝ ገደማ ነውና። ግን ድምፁ የሚገባው በዚያው ክሪስታል ላይ መሆኑን ቀድመህ አረጋግጥ። እንዲያ ከሆነ ስትቀይረው ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ተቀባዩ የራሱ ክሪስታል ካለው እሱንም ለይተህ ለካ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ርካሽ ካውንተር ራሱ ከሙቀት ጋር ይሸሻል፣ ስለዚህ እሱን አምነህ ካስተካከልክ ደህናውን ሬዲዮ ታበላሸዋለህ። ከጂፒኤስ የሚመጣ 10 ሜጋኸርዝ ማመሳከሪያ ስጠው። የማስተላለፊያውንም ውጤት ያለ 40 ዴሲቤል አቴንዌተር (ምልክት አዳካሚ) አታስገባበት፣ መግቢያው ይቃጠላል።